"ልማዱ ነው" የተባለችው መርፌ

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር





በምሥረታ በዓል ላይ ስለ መጋዘን፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ዳሽቦርድ ላይ ያለች፣ ርዝመቷ ከአንድ ጣት የማይበልጥ መርፌ ናት። ይህን ሲሰሙ ፈገግ የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ሆኖም ይህች መርፌ የተምች መድኃኒት ዓባይ በረሃ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ እንዲቆም ምክንያት ሆናለች። የዩኒየኑን ሞተር ለከባድ ጥገና ዳርጋለች። አንድ ሾፌርንም የብዙ ወር ደመወዙን ልታስቆርጠው ጥቂት ነበር የቀራት።

ነገሩ የሚመለከተው ዩኒየኑ ሲቋቋም ከአንድ የልማት ፕሮጀክት በስጦታ የተረከበውን ላንድሮቨር ነው። አንጋፋ አባላት በሚገባ ያስታውሱታል። ቢሮ ባልነበረበት ጊዜ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በእርሱ ኮፈን ላይ ነው። ዓይነቱ "ሲሪስ ስሪ" የሚባለው ሲሆን፣ ፋብሪካው ይህን ሞዴል ያመረተው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ነው። አብሮት የመጣው ሞተር 2,286 ሲሲ የሆነ የቤንዚን ሞተር ነበር። ደህና ጉልበት ነበረው፤ ቤንዚን አጠጣጡ ግን በጀት የሚያናጋ ነበር። ስለዚህ ሥራ አመራር ኮሚቴው መክሮ፣ ከተገለበጠ የቶዮታ ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር አስገጠመለት። የሞተር ቁጥሩም በሊብሬው ላይ ተስተካክሎ ተመዘገበ። ውሳኔው በጊዜው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ስህተት ነው የሚል የለም። በወረቀቱ በኩል አንድም ጉድለት አልተገኘበትም። ጉድለቱ የነበረው ወረቀት በማይደርስበት፣ በሽቦው በኩል ነው።

ሞተር የሚለውጥ ጋራዥ መኪናው ተነስቶ ከግቢ ከወጣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መርፌዎቹ ግን የተሠሩት ለወጣው ሞተር እንጂ ለገባው አይደለም። አዲሱ ሞተር ለእነርሱ እንግዳ ነው፤ የሚናገረውንም አይሰሙትም፤ ቢሰሙትም አጣመው ነው።

የሙቀት መለኪያ አሠራር ከባድ አይደለም። ሞተሩ ላይ ውሃውን የሚነካ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይለቃል። በለቀቀ ቁጥር መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣለች። ከሴንሰሩ አንድ ሽቦ ወደ ዳሽቦርድ ይሄዳል። የኤሌክትሪኩ መመለሻ ግን ሽቦ ሳይሆን የሞተሩና የሻንሲው ብረት ራሱ ነው። ይህንን የመመለሻ መንገድ የድሮ መካኒኮች ከጣሊያንኛ ወስደው "ማሳ" ይሉታል። ገበሬ ማሳ ሲል ሌላ፣ መካኒክ ማሳ ሲል ሌላ ነው፤ ማሳ ካልጸዳ ምርት የለም የሚለው ግን ለሁለቱም ይሠራል።

በዚህ ላንድሮቨር ላይ አንድ ተጨማሪ ዕቃ አለ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተቀመጠ የክብሪት ሣጥን የሚያህል ነገር ሲሆን ስታቢላይዘር ይባላል። የባትሪው ኃይል ሞተሩ ሲጠፋ 12፣ ሲሠራ ደግሞ 14 ቮልት ገደማ ስለሚሆን፣ ይህ ዕቃ ኃይሉን ወደ 10 ቮልት አውርዶ ለሁለት መርፌዎች ያካፍላል፤ ለነዳጇና ለሙቀቷ። ሁለቱ ከአንድ ገንዳ የሚጠጡ ከብቶች ናቸው ማለት ነው። ገንዳው ሲበላሽ አንዷ ብቻ አትታመምም።

ሞተሩ ከተለወጠ በኋላ የታየው ይህ ነበር። የሙቀት መርፌዋ ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ከመካከል በላይ ትቆማለች። ሲመሽና መብራት ሲበራ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ የነዳጇም አብራ ትወጣለች። አንድ ምሽት ነዳጅ ሩብ ታንከር አለ እያለች መኪናው መንገድ ላይ ደርቆ ቆመና ረዳቱ ጀሪካን ይዞ በእግሩ ሄደ። ጋራዡ ከሌላ መኪና አምጥቶ የገጠመው የዙር መለኪያም ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ሳይለወጥ አንዳንዴ ወደ ታች ይወርዳል።

ሾፌሩ ይህንን በጉዞ መዝገቡ ላይ ስድስት ጊዜ ጽፏል። መኪናው ለቅባት ቅያሪ ጋራዥ በገባ ቁጥርም በቃል ተናግሯል። የተሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "እሱ እኮ ልማዱ ነው፤ ሞተሩ ተለውጦ የለ?" የንብረት ክፍሉም መኪናው እስከሄደ ድረስ ለመርፌ ብሎ ወጪ የሚጠይቅበት ምክንያት አልታየውም። ልማዱ ነው የሚለው አነጋገር ለሚራገጥ በቅሎ ቢነገር ያምራል፤ በቅሎው ባሕርይ አለውና። ሽቦ ባሕርይ የለውም። በሽቦ ላይ "ልማዱ ነው" ማለት "ምክንያቱን አልፈለግነውም" ማለት ነው።

ነገሩ የደረሰው በሐምሌ ነው። ተምች ወርዶ በበቆሎና በጤፍ ላይ እየተስፋፋ ስለነበር መድኃኒትና መርጫ ከአዲስ አበባ በፍጥነት እንዲመጣ ታዘዘ። መኪናው ጭነቱን ይዞ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ተሻገረና ወደ ደጀን መውጣት ጀመረ። ይህ ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያወጣ ሲሆን፣ ሙቀቱም የዓባይ በረሃ ሙቀት ነው። ከዳገቱ አጋማሽ ላይ የዙር መለኪያው ወደቀ፤ የባትሪ መሙያ ምልክቷ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ቀጥሎ የሙቀት መርፌዋ ወደ ላይኛው ጫፍ ሄደች። ሾፌሩ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ አየት አድርጎ ተዋት። ስድስት ጊዜ ልማዱ ነው የተባለ ሰው ሰባተኛውን ራሱ ለራሱ ይላል።

ከዚያ የሆነው ነገር የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ነው። መርፌዋ በራሷ ጊዜ መውረድ ጀመረች። ዳገቱ አላለቀም፣ ማርሹ አልተቀየረም፣ መኪናውም አልቆመም፤ እርሷ ግን ቀስ በቀስ እስከ መካከል ወረደች። ሾፌሩና ረዳቱ "ተመስገን፣ በረደልን" ተባባሉ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ጉልበቱ ጠፋ፣ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ጭሱም ከኮፈኑ ሥር ወጣ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ፣ ቴስታታውም ተጣሞ ነበር።

መርፌዋ የወረደችው ሞተሩ ስለበረደ ሳይሆን ውሃው ስላለቀ ነው። ሴንሰሩ ያለው ሞተሩ ላይ ከፍ ባለ ቦታ ስለሆነ፣ ውሃው ፈልቶ ሲወጣና ሲጎድል ሴንሰሩ በውሃ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በባዶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። አየር እንደ ውሃ ሙቀትን አያደርስለትም፤ እርሱም "ቀዝቅዣለሁ" ይላል። ከሥሩ ብረቱ እየነደደ መርፌዋ የሰላም ወሬ ታወራለች። ይህ ጤነኛ መለኪያ ባለው መኪና ላይም ይደርሳል። በመሆኑም ዳገት ላይ እያለ ከፍ ብላ የነበረች መርፌ በራሷ ከወረደች፣ ከወጣችበት ጊዜ የበለጠ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ወዲያው ማቆምና ሞተር ማጥፋት ያስፈልጋል። ማሞቂያ ያለው መኪና ከሆነ ማሞቂያውን ከፍቶ እጅን ማስጠጋት ይረዳል። ሞተሩ በጣም ሞቆ ሳለ ቀዝቃዛ አየር ከነፈሰ፣ በቱቦው የሚዞር ውሃ የለም ማለት ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይበርድ መክፈት ፊት ያቃጥላል።

መድኃኒቱ በሌላ መኪና ተጭኖ እስኪደርስ ሁለት ቀን ፈጀ። በእነዚህ ሁለት ቀናት አባላት ከነቤተሰባቸው ቦይ እየቆፈሩ፣ ትሉን በእጅ እየለቀሙ ማሳቸውን ሲከላከሉ ነበር። የአንዳንዱ ማሳ ተረፈ፣ የአንዳንዱ አልተረፈም።

በቀጣዩ ስብሰባ ሞተሩን ያቃጠለው ሾፌሩ ነው፣ ስለዚህ ከደመወዙ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ ጉልበት ነበረው። ማሳው የተበላበት አባል አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል፤ መርፌዋ ጫፍ መድረሷን ሾፌሩ ራሱ አልካደም። ነገሩን ያዘገየው የቁጥጥር ኮሚቴው ነው። የጉዞ መዝገቡ ይምጣ አለ። መዝገቡ ሲነበብ ስድስቱም ማስታወሻዎች በየቀናቸው ተገኙ። ከጎናቸው ምን እንደተደረገ የሚናገር አንድም ቃል አልነበረም። ስለዚህ ሞተሩ ከተጠገነ በኋላ መኪናው በዕድሜ በገፉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲመረመር፣ ኮሚቴውም ቆሞ እንዲያይ ተወሰነ።

ባለሙያው የመጡት የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያላት የምትመስል የመሞከሪያ አምፖል፣ ሁለት ክንድ ሽቦና አንድ ርካሽ ቴስተር ይዘው ነው። ኮፈን አላስከፈቱም፤ መጀመሪያ ሾፌሩን ጠሩት።

"ልጄ፣ ሙቀቷ ስትወጣ ብቻዋን ነው ወይስ ከነዳጇ ጋር?"

"አብረው ነው ጋሼ። መብራት ሳበራ።"

"ለጋራዡ እንዲህ ብለህ ነገርካቸው?"

"ሙቀቷ ትዋሻለች ነው ያልኳቸው።"

ባለሙያው ወደ ኮሚቴው ዞረው ግማሹ ሥራ በዚህ ጥያቄ እንዳለቀ ተናገሩ። "ትዋሻለች" የሚለው አነጋገር ለመካኒክ ምንም አይነግረውም። አንዷ መርፌ ብቻ ስትታወክ ጥፋቱ ያለው በራሷ ሴንሰር ወይም ሽቦ ላይ ነው። ሁለቱ አብረው ሲታወኩ ጥፋቱ የጋራቸው በሆነው ነገር ላይ ነው። መብራት ሲበራ የሚታወክ ከሆነ ማሳው ይመርመር፤ ኮረኮንች ላይ ከሆነ የላላ ሽቦ ይፈለግ፤ ሞተሩ ዙር ሲጨምርና ሲቀንስ ከሆነ ቺንጋውና የባትሪ መሙያው ይታዩ። መዝገቡ ላይ "መብራት ሲበራ ሁለቱም ይወጣሉ" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ንቁ የሆነ ተለማማጅ እንኳ ያገኘው ነበር።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ የስታቢላይዘሩ መውጫ በቴስተር ተለካ። ይህ ዕቃ እንደ ልብ ምት እየቆረጠ እየቀጠለ ስለሚሠራ ጤነኛ ሲሆን ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል፤ አማካዩ 10 ቮልት ነው። እዚህ ግን መብራት ጠፍቶ ሳለ 11 አካባቢ ሲንቀጠቀጥ ቆየና፣ መብራት ሲበራ መንቀጥቀጡን ትቶ የባትሪውን ሙሉ ቮልት አሳየ። ባለሙያው አንዷን ሽቦ ከስታቢላይዘሩ ቆርቆሮ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ዘረጉ። ቁጥሩ መምታት ጀመረ፤ ሁለቱም መርፌዎች ቀስ ብለው ወረዱ። ለካስ ዳሽቦርዱ በአንድ ወቅት ቀለም ሲቀባ የማሳው ቡሎን ሥር ቀለም ገብቶ ኖሯል። ቡሎኑ ተፈትቶ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ታሸና ተመልሶ ታሰረ። ወጪው የብርጭቆ ወረቀቱ ዋጋ ነው።

ቀጥሎ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ብረት ላይ ተደርጎ ረዳቱ ሞተሩን እንዲያስነሳ ታዘዘ። ሁለቱ በመልካም ማሳ ከተገናኙ በሞተሪኖው መዞር ጊዜ እንኳ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን አለበት። ከአንድ ቮልት በላይ አሳየ። ሞተር በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የማሳ ገመድ ያስፈልገዋል። የድሮው ገመድ ከድሮው ሞተር ጋር ተፈትቶ ሄዷል፤ አዲሱን የገጠመ ግን የለም። ታዲያ ኤሌክትሪኩ በየት ሲመለስ ነበር ቢባል፣ በነዳጅ መርገጫው ኬብልና ባገኘው ቀጭን ብረት ሁሉ። ረዳቱ ያን ጊዜ ትዝ አለውና ጠዋት ጠዋት ኬብሉን ሲነካው ትኩስ እንደሚሆን ተናገረ። እርሱም ልማዱ መስሎት ነበር።

ከዚህ በኋላ ተራው የሴንሰሩ ሆነ። ሽቦው ከሴንሰሩ ተነቅሎ ቁልፉ ሲከፈት መርፌዋ ከቀዝቃዛው ጫፍ አልተነሳችም፤ የሽቦው ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ብረት ሲነካ ደግሞ ወደ ሙቁ በኩል መውጣት ጀመረች። ይህ ማንም ሾፌር ሊያደርገው የሚችል ፈተና ነው። መርፌዋ በሁለቱም በኩል ከታዘዘች እርሷና ሽቦዋ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወዲያ ነው። የዚህ ዓይነት አሮጌ መለኪያ ዘገምተኛ ስለሆነ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል፤ አጋማሽ ስታልፍ ግን ሽቦውን ማንሳት ይገባል፤ ጫፍ ላይ ማቆየት መርፌዋን ይጎዳል።

ሴንሰሩ ሲፈታ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ተጠቅልሎ ተገኘ። ውሃ እንዳያንጠባጥብ ታስቦ ነው። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በዚያው ጥርስ ስለሆነ ግን ቴፍሎኑ አፉን እንደ መለጎም ያህል ነበር። ቴፍሎኑ ሲነሳም መርፌዋ ልክ አልሆነችም። ሴንሰሩ የቶዮታ ነው፤ መርፌዋ የላንድሮቨር ናት። ሁለቱም በየቤታቸው ጤነኞች ናቸው፤ እርሱ 80 ዲግሪ ሲል እርሷ የምትሰማው ሌላ ቁጥር ነው። መፍትሔው የላንድሮቨር ሴንሰር መግዛትና በአዲሱ ሞተር ቀዳዳ ልክ ማስገቢያ ቶርኖ ቤት ማስወጣት ነበር። እንዲያውም በነዳጅ መለኪያ ላይ ቢሆን የባሰ ይመጣል። በድሮ ቶዮታ ታንከሩ ሲሞላ የሴንሰሩ ልክ ከ110 ኦም ወደ 3 ኦም ይወርዳል፤ በጀርመኑ ቪ.ዲ.ኦ ደግሞ ከ10 ተነስቶ ወደ 180 ይወጣል። ሁለቱን ያዳበለ መኪና ሲሞላ ባዶ፣ ሲጎድል ሙሉ ይላል። የጭነት መኪና ያላቸው አባላት ደግሞ አብዛኞቹ ባለ 24 ቮልት መሆናቸውን ማስታወስ አለባቸው፤ የ12 ቮልት ጌጅ ርካሽ ነው ተብሎ እዚያ አይገጠምም።

እስከዚህ ድረስ የተገኘው ሁሉ መርፌዎቹ እንደሚዋሹ የሚያረጋግጥ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዱ "እንግዲያው ያን ዕለትም ዋሽታ ነበር ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ። ባለሙያው ወደ ቺንጋው ሄደው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መጉደብ ሲገባው ከሦስት በላይ ጎደበ፤ የውስጥ ጎኑም እንደ መስታወት አብረቅርቋል።

በናፍጣ ሞተር ላይ እንደ ቤንዚኑ ኮይል ስለሌለ፣ በዚህ መኪና የዙር መለኪያው ምልክቱን የሚያገኘው ከዲናሞው ነበር። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ዳገት ላይ ቺንጋው ሲንሸራተት ዲናሞው ይዘገያል፤ የዙር መርፌዋ ትወድቃለች፤ የመሙያው ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። ያው ቺንጋ ደግሞ የውሃውን ፓምፕና ፋኑን ያዞራል። እነርሱም ዘገዩ፤ ውሃው ፈላ። ስለዚህ ያን ዕለት ዓባይ ዳገት ላይ የዙር መለኪያዋ እውነቷን ነበር፤ ቀይዋ መብራት እውነቷን ነበር፤ ሙቀቷም ጫፍ ስትደርስ እውነቷን ነበር። ለወራት ሲዋሹ ከኖሩት ጋር ተደባልቀው ስለነበር የሚያምናቸው ጠፋ እንጂ።

ሌላም ነገር ነበር። የራዲያተሩ ክዳን ከድሮው ሞተር ጋር ያረጀ ሲሆን ስፕሪንጉ ሞቷል። ይህ በቆላ ከሚኖር ይልቅ ለደገኛ ይበልጥ ያሳስባል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደጀን ከፍታ ላይ፣ ማለትም 2,400 ሜትር አካባቢ፣ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወጥ ቤት ያለች ሴት ሁሉ ባቄላ ደጋ ላይ ቶሎ እንደማይበስል የምታውቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው 82 ዲግሪ ላይ ከሆነ በሰላምና በመፍላት መካከል የቀረው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። "13 ፓውንድ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጤነኛ ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ በዚያው ከፍታ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። የሞተ ክዳን ያለው መኪና ማለት ክዳኑ ተከፍቶ የተጣደ ድስት ነው።

አዲሱ ሴንሰር ከመገጠሙ በፊት ባለሙያው ድስት ጠየቁ። ከቢሮው ሻይ ቤት ድስትና ምድጃ መጣ፤ ከወተት ማኅበሩም የወተት ሙቀት መለኪያ ቴርሞሜትር ተዋሱ። ሴንሰሩ በሽቦ ተንጠልጥሎ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ከአካሉም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ ተሳበ፤ ሌላው ሽቦ ወደ መርፌዋ ሄደ። ውሃው ሲሞቅ ሾፌሩ መርፌዋን፣ ረዳቱ ቴርሞሜትሩን እያዩ ተጣሩ። ቴርሞሜትሩ 80 ሲል በመስታወቱ ላይ ነጭ ነጥብ ተደረገ። ውሃው 92 ላይ ሲፈላ ቀለም ተፈለገና የቢሮው ጸሐፊ የጥፍር ቀለሟን ሰጠች፤ ቀይ ነጥብ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ለሾፌሩ የተሰጠው መመሪያ ይህ ነው። ነጩ ላይ መኪናው እንደ ልቡ ይሂድ። ቀዩን ካለፈች ማርሽ ቀንሶ ቺንጋውንና ውሃውን ያስብ፤ ካልወረደች ይቁም። ዳገቱ ሳያልቅ በራሷ ከወረደች ግን ያለ ምንም ጥያቄ ሞተሩን ያጥፋ።

ስለ ሾፌሩ ባለሙያው ሲጠየቁ አላደሉለትም። መርፌዋ ጫፍ ስትደርስ መቆም ነበረበት አሉ። ነገር ግን መውረዷ ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ሰው እንዳልነበረ፣ መውጣቷን ደግሞ እንዳያምን ያስተማሩት ሌሎች እንደሆኑም አልደበቁም። ኮሚቴው ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ የደመወዝ ቅጣቱ ቀርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ማሳቸው የተበላባቸው ሁለት አባላት ውሳኔውን እንደማይቀበሉ በቃለ ጉባኤው አስመዘገቡ፤ ማስጠንቀቂያውስ ለምን ለንብረት ክፍሉ አልደረሰም ያሉም ነበሩ። ይህኛው ጥያቄ እስካሁን በቂ መልስ አላገኘም።

በዚያው ስብሰባ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። በጉዞ መዝገቡ ላይ ሾፌሩ ብልሽት ከሚጽፍበት ዓምድ ጎን "ምን ተደረገ፣ ማን አደረገው" የሚል ዓምድ ተጨመረ፤ ባዶ ከሆነ መኪናው ለረጅም ጉዞ አይታዘዝም። ሞተር የተለወጠለት መኪና ከጋራዥ ሲረከቡም መብራት አብርቶና አጥፍቶ መርፌዎቹን ማየት፣ የሞተሩን ማሳ ገመድ በእጅ መንካት፣ መርፌና ሴንሰር የአንድ ቤት መሆናቸውን መጠየቅ የርክክቡ አካል ሆነ። መሠረታዊ ማኅበራትም በየራሳቸው መኪና ላይ እንዲያደርጉት ቅጹ ከጽሕፈት ቤቱ ይገኛል።

ላንድሮቨሩ ዛሬም በግቢው ውስጥ አለ። ከስብሰባው በኋላ ወደ ውጭ የሚወጡ አባላት በመስኮቱ አጎንብሰው ቢያዩ ነጩን ነጥብና ቀዩን ያገኟቸዋል። ቀዩ ፀሐይ ስላደበዘዘው ባለፈው ዓመት በድጋሚ ተቀብቷል።